የላምፍራንግ ድርሻ

ስለዚያ ክረምት ሰው ሲጠይቀኝ፣ "ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ" እላለሁ። ይህችን መልስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልቀይራት ኖሬአለሁ። ሰውም ያምነኛል፤ በእርግጥም ልጅ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም፤ ዛሬ ፊቴ ቢቀላም ይቅላ ብዬ እንዳለ ላወጣው ነው።

ቤታችን ሺሎንግ በምትባል የኮረብታ ከተማ ነው፣ ወደ ጥዱ ጫካ በሚወጣው ዳገት ላይ። ቤታችን ስል ቤቴ ማለቴ ነው። በእኛ ዘንድ ቤት የሚወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት፤ የመጨረሻዋ ደግሞ እኔ ነኝ። የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ጀምሮ "ሪዳ፣ ይህን አትርሺ፣ ነገ ቤቱን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ታላቅ ወንድሜ ባንሻን አንድ ቀን አግብቶ ወደ ሚስቱ ቤት ይሄዳል፤ እኔ የትም አልሄድም። ይህ ነገር የዘጠኝ ዓመት ልጅን ምን ያህል እንደሚያሳብጥ መገመት ነው። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ባንሻንን ባህ ነበር የምለው፤ ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ፣ ፉጨት ያስተማረኝ እሱ፣ ዝናብ ሲመጣ ኮቱን ከፍቶ ከውስጥ የሚከተኝ እሱ ነበር። ያ ሁሉ የቆመው ላምፍራንግ ሲመጣ ነው።

ላምፍራንግ የክፍል ጓደኛው ነበር። ቀጭን፣ ፀጉሩ አንድ ዓይኑን የሚሸፍን፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ ልጅ። የቤቱ ወራሽ መሆኔን ስለሰማ፣ ሊያሾፍብኝ በገባሁ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል። "እሜቴ ገቡ! ተነሡ እንጂ፣ ምን ይጎልታችኋል!" ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠላል።

ሁለቱ ከቤታችን ጀርባ ያለውን የድንች መጋዘን ያዙት። ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ክፍል ናት። የድንቹን ጆንያ ወደ አንድ ጥግ ገፍተው ጊታር፣ ድራም፣ አባቴ በሽቦ የጠጋገነውን ድምፅ ማጉያ አስገቡ። ሙዚቃዊ ድራማ ሊሠሩ ነው ተባለ፤ ከዳር እስከ ዳር በሮክ የሚዘፈን፣ ሦስት ሰው ብቻ የሚጫወትበት። ዝናቡ እንዳባራ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ለሠላሳ ጓደኞቻቸው ያሳያሉ። ከተማችን ውስጥ ጊታር የማይነካ ወጣት ብርቅ ስለሆነ ማንም አልተገረመም። እናታችን ሜይ፣ "ድንቹን ብቻ እንዳትረግጡብኝ" አለች፤ በቃ።

"እኔስ ምን እሆናለሁ?" አልኩ።

"አንቺማ ተመልካች ነሽ ሄፕ" አለኝ ባንሻን። ሄፕ የሚለኝ ሲያባብለኝ ነው።

"ተመልካች ማን አይሆንም!"

"እንዴ፣ እሜቴ ካልተቀመጡ እኛ ለማን እንዘፍናለን?" አለ ላምፍራንግ፤ እጁንም ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣኝ። ወዲያው በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

ሦስተኛዋ ተጫዋች ፊዳሊያ ነበረች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ኪቦርድ የምትጫወት፣ ጉንፋን የማይለቃት የሚመስል ወፍራም ድምፅ ያላት። ፊዳሊያ የጎሳችን ልጅ ናት። የጎሳ ልጅ እኛ ዘንድ እህት ማለት ነው፤ የአንድ ጎሳ ወንድና ሴት ቢፋቀሩ ሳንግ ይባላል። ሳንግ ከነውርም ከኃጢአትም ይከፋል። መብረቅ ይጠራል፣ ቤት ያጠፋል። ሜይ እሑድ የማይቀርባት የመዘምራን አባል ሆና እንኳ፣ "ዶሮ አርደን ጥንቆላ መጠየቁን ትተናል፤ ጎሳን ግን አልተውንም" ትል ነበር። ያ ትምህርት ከሁሉም በላይ ለእኔ ነበር የሚሰጠው፣ ቤት ጠባቂዋ እኔ ስለሆንኩ።

እንግዲህ አስቡት። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከመጋዘኑ የሚመጣው የባንሻንና የፊዳሊያ ድምፅ ነው። እሱ አንድ ስንኝ፣ እሷ አንድ ስንኝ። ፊዳሊያ እንዲህ ትላለች፦

"ጃንጥላው አንድ ነው፣ ትከሻችን አራት፤
ያንተ እንዳይረጥብብኝ፣ የእኔን ዝናብ ይምታት።"

ሜይን ቀና ብዬ አየኋት፤ የአሳማ ሥጋ እየከተፈች ዜማውን አብራ ታንጎራጉራለች። "እንዴት ያምርባቸዋል" አለች፣ "ወንድምና እህት ሲዘፍኑ እኮ ድምፁ ይገጥማል።"

አባቴ ደጃፉ ላይ የማጉያውን ሽቦ እየፈታ ነበር። "ዘፈኑስ ጥሩ ነው" አለ ቀና ሳይል። "ድርሻው ግን የሰው ነው፤ የእሷ አይደለም።"

"አንተ ደግሞ ስለ ዘፈን ምን ታውቃለህና!" አለችው።

እኔ ግን ሰማሁት። አባቴም አውቆታል አልኩ። ፊዳሊያ መዝፈን የማይገባትን እየዘፈነች ነው፤ ባህና ፊዳሊያ ሳንግ ውስጥ ሊገቡ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ፊዳሊያ ራሷ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ የሙዚቃ መምህር ሆና ነው የነገረችኝ። ድራማው የሁለት ወንዶች ልጆች የመጀመሪያ ፍቅር ነው። አውቶቡስ ሲጠብቁ ዝናብ ይይዛቸዋል፣ አንድ ጃንጥላ ይጋራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እንደ ድሯቸው መሆን ያቅታቸዋል። አንደኛው ባንሻን ነው፣ ሌላኛው ላምፍራንግ። የፊዳሊያ ድርሻ ዝናቡን መሆን ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ግን የላምፍራንግን ድርሻ እሷ ትዘፍናለች፤ ሰው ሲወጣ ለባለቤቱ ትመልሳለች። "የጎሳ እህቱ ነኝ፤ በእኔ ማን ይጠረጥራል? ከእኔ የተሻለ መሸፈኛ ከየት ይመጣል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። በከተማው ሙሉ አንድ ትልቅ ሰው አልጠረጠረም። የጠረጠርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ሐሙስ ትኩሳት ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀድሜ ተመለስኩ። ሜይ ገበያ ነበረች። ከመጋዘኑ ጊታር ይሰማል። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ፊዳሊያ የለችም። ላምፍራንግ ጆንያው ላይ ቆሞ ያንኑ የጃንጥላ ዘፈን ይዘፍናል፤ ያንን ቀልደኛ ፊቱን የት እንዳደረገው እንጃ። ባንሻን ጊታሩን ይዞ ቀና ብሎ ያየዋል። ጣቶቹ መምታቱን ረስተውት ቆመዋል። ፊዳሊያ ስለቀረች ድርሻዋን ይዞላት ነው አልኩ ለራሴ። ቀስ ብዬ ሄጄ ተኛሁ፤ ትኩሳቱም ሦስት ቀን ያዘኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባህ ልብስ ሊቀይር ሲገባ፣ የዘፈኑን ደብተር ከመጋዘኑ ወሰድኩ። ኪቦርዱ ሥር ነበር የሚያስቀምጡት። ልብሴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ማዴንግ ቤት ሮጥኩ።

ማዴንግ የእናቴ ወንድም ነው። በእኛ ዘንድ በልጆች ላይ ቃል ያለው አባት ሳይሆን የእናት ወንድም ነው፤ እሱ ያለው ይሆናል። ረጅም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከንፈሩ በኩዋይ የቀላ፤ ያንን አፍ የሚያቀላ ፍሬ ከቅጠሉ ጋር ሳያኝክ አይውልም። ክፉ ሰው አልነበረም። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ገበያ የሚዞር ሰው ነበር። ሚስቱ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፍሬውን በትንሽ ቢላ ሲሰነጥቅ አገኘሁት።

"ማዴንግ፣ ባህ ከፊዳሊያ ጋር ሳንግ ሊሠራ ነው" አልኩት፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። "ከፊዳሊያ? ያቺ ወንድምሽን በኩርኩም የምትለው ፊዳሊያ?"

"እውነቴን ነው! የፍቅር ዘፈን ይዘፍናሉ። ይኸው ደብተሩ።"

እየሳቀ ተቀበለኝ። እየሳቀ ገለጠው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ማኘኩን አቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና አነበበ።

"ይኼ የማን ጽሕፈት ነው?"

"ይኼኛው የባህ ነው። ጋደል ያለው የላምፍራንግ።"

"አንቺ አንብበሽዋል?"

"አላነበብኩም።"

"ጎበዝ። እንዳታነቢ።" ደብተሩን ዘጋው። ከዚያ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። "ደግ አደረግሽ። ለዚህ ነው እግዚአብሔር ቤትን ለሴት ልጅ የሰጠው። ቤቱን አዳንሽው።"

ሚስቱን ጠርቶ የሩዝ ቂጣ በማር አስቀረበልኝ። ሦስት በላሁ። ማሩ በክንዴ ላይ እየወረደ፣ መብረቁን ከቤታችን ጣሪያ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ እያልኩ ጠግቤ በላሁ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ማር አፌ ውስጥ አልዋጥልሽ ይለኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዴንግ መጣ። ለትዕይንቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቢቀረው ነው። ሦስቱ መጋዘን ውስጥ ልምምድ ላይ ናቸው፤ በሩን አንኳኩቶ አስከፈተና እኔንም እጄን ይዞ አስገባኝ። ድንቹ ላይ ተቀመጠ። ጃንጥላው ወለሉ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ደብተሩን ከኮቱ አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

የባንሻን ፊት አመድ ሆነ።

"ደከማችሁ ልጆች" አለ ማዴንግ በሰላምታ ድምፅ። "እስቲ ዝፈኑልኝ። ያንን የጃንጥላውን።"

ፊዳሊያ ቶሎ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አንቺ አረፍ በይ ልጄ። እኔ የምሰማው እንደተጻፈው ነው።"

ላምፍራንግ ባንሻንን አየው። ባንሻን መሬት መሬቱን ያያል። ላምፍራንግ ፀጉሩን ከዓይኑ ላይ ገለል አደረገና ያለ ጊታር ጀመረ። "ጃንጥላው አንድ ነው..." ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። ሁለቱንም ስንኝ እስከ መጨረሻው ዘፈነው። ከዚያ የባንሻን ተራ ሆነ። ላምፍራንግ ጠበቀው። ሁላችንም ጠበቅነው።

"ያንተስ?" አለው ማዴንግ።

"እኔ..." አለ ወንድሜ። "እኔ ጊታር ነው የምመታው ማዴንግ። የጻፈው እሱ ነው። እኔ ጊታር ብቻ ነኝ።"

ላምፍራንግ አልተቆጣም። የሆነ ሰው በሕዝብ መሀል ልብሱን የገፈፈው መሰለ እንጂ አልተቆጣም። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አነሣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ግን ቆመ፤ እንደ ልማዱ እጅ ነሣኝ። "እሜቴ፣ ደህና ይዋሉ" አለኝ። ማንም አልሳቀም።

እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የከሰስኩት ፊዳሊያን፣ የተባረረው ላምፍራንግ። ማዴንግ ለጎሳው ልጅ አዝኖ ጥፋቷን በባዕዱ ላይ አላከከ ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ፊዳሊያን ጓሮ አግኝቼ፣ "አይዞሽ፣ ለሌላ ሰው አልናገርም" አልኳት። ፊዳሊያ ዓይኖቼን ትክ ብላ አየቻቸውና አለቀሰች። ያነባችው ለራሷ መስሎኝ እጇን ይዤ አጽናናኋት።

ያን ቀን ላምፍራንግ ከመጋዘኑ እንደወጣ ግን ባንሻን ተንደርድሮ ወጥቶ በሩ ላይ ደረሰበት። ይቅርታ ሊለው መስሎኝ ነበር። "ደብተሩን የትም ትጥለዋለህ!" ብሎ ጮኸበት። "ስንቴ ነግሬሃለሁ! አንተ ነህ፤ ያንተ መዝረክረክ ነው!" ላምፍራንግ ዝናቡ ላይ ቆሞ ሰማውና ሄደ። እኔ ደፉ ላይ ነበርኩ። አፌን ብከፍት ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ተቀምጠው ነበር።

"ሳንግ እንኳ ስም አለው" ይላል ማዴንግ። "ይኼ ስሙ ምንድነው? ምን ብዬ ነው ለሽማግሌዎች የምነግራቸው?"

"ቀስ በል፣ ልጅቱ ትሰማለች" ትላለች ሜይ።

"ልጆች ናቸው እኮ" አለ አባቴ። "ዘፈን ነው የሠሩት። ጥሩ ዘፈን።"

"አንተ ሻይህን ጠጣ" አለው ማዴንግ። አባቴ ለሃያ ዓመት በሚስቱ ቤት የኖረ ሰው ነው፤ ሻዩን ጠጣ።

ማዴንግ ከላምፍራንግ አጎት ጋር ተነጋገረ። በሳምንቱ ላምፍራንግን ከኮረብታው አውርደው ወደ ጉዋሃቲ፣ አክስቱ ቤት ሰደዱት። ድራማው ለአንድ ሰው እንኳ ሳይታይ ቀረ። አባቴ ማጉያውን ፈታታው፣ ድንቹም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዝናቡ ባባራበት ቅዳሜ፣ ያልሰሙ አምስት ስድስት ልጆች መጥተው በራችን ላይ ትንሽ ቆመው ተመለሱ። ባንሻን በመስኮት ያያቸው ነበር። እንደገና ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ጀመር። በመንገድ ላይ አይናገርም፤ እኔ ግን እጁን ይዤ ስሄድ የሚደርስብኝ አልነበረም።

ሜይ ያረፈችው አምና ነው። ማዴንግ ከእሷ ቀደመ። ባንሻን ከኮልካታ ለተዝካሯ መጣ፤ እዚያ መሐንዲስ ነው፣ አላገባም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከሰዓት ላይ ወጥ ቤት ተቀምጠን ሰሃን እያደረቅን ሳለ፣ ስለ መጋዘኑ እኔ ሳላነሣ እሱ አነሣው።

"ለላምፍራንግ የመጨረሻ የተናገርኩትን ታውቂያለሽ? ዝርክርክ ነህ ነው ያልኩት። ደብተሩን ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ረስቶት ይሆናል፤ ልማዱ ነበር። ፊዳሊያ ስልክ ቁጥሩን ከሰጠችኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልደውል እልና፣ እሱ ነው የጣለው፣ እሱ ይደውል እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እንዴት እንደከዳሁት ትዝ ይለኛል። እንዲህ ስል ሁለት ዓመት።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ላምፍራንግ ተሸክሞልኝ ኖሯል። "ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ" የሚለው ምላሴ ላይ መጣ። ስጠራው የኖርኩት መልስ፣ ሳልጠራው ቀድሞ ደረሰ። ዋጥኩት።

"ባህ፣ ደብተሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

ሰሃኑን አስቀመጠ።

"ከኪቦርዱ ሥር። ለማዴንግ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከፊዳሊያ ጋር መስሎኝ ነው፣ ሳንግ መስሎኝ ነው።" እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ለፊዳሊያ ስነግራት እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት፤ እሷም ለማንም አልተነፈሰችም። "አይደለም። ዋሸሁ። ማንበብ እችል ነበር። በመንገድ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤዋለሁ፤ የሁለት ወንዶች ስም ነበር። አላነበብኩም አልኩት። በቀዳዳም አይቼሃለሁ፤ እሱ ሲዘፍን እንዴት እንደምታየው አይቻለሁ። የፊዳሊያን ስም ያነሣሁት ለሌላው ቃል ስላልነበረኝ ነው። እንዲሄድልኝ የፈለግኩት እሱን ነበር። አንተን ወስዶብኝ ነበር።"

እንዲጮህብኝ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር" አለ።

"ዘጠኝ።"

"እኔ አሥራ ሰባት ነበርኩ። ፊቱ ላይ ነው ጊታር ብቻ ነኝ ያልኩት።" ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። "አንቺ ደብተሩን ነው የሰጠሻቸው፤ እሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

"ይቅር በለኝ ባህ።"

"እኔን አይደለም።" ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቁጥሩን ለመፈለግ ጊዜ አልወሰደበትም። ተጫነውና ዘረጋልኝ። "አንቺ ቅደሚ። ዝርክርክ እንዳልነበረ ይስማ። ከዚያ እኔ አለሁ።"

ጠራ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ጠራ። ባንሻን ጀርባውን ሰጥቶኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ ትከሻው ግን ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። አያነሣም ብዬ ደስ ሊለኝ ሲጀምር ተነሣ።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?" አለ አንድ ወፍራም የጎልማሳ ድምፅ።

ስሜን ነገርኩት።